ዘመቻ የሚለው ቃል ስንት ፊት አለው?

በየካ፣ በኮተቤና በእንጦጦ ግርጌ የምትኖሩ፣ በሌላም ሰፈር ሆናችሁ ይህን ገጽ የምታነቡ ሁሉ፣ ዛሬ አንድ ቃል ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ፊደሎቹ ሦስት ናቸው፦ ዘ – መ – ቻ። ዘመቻ! ፊደሎቹን ለይታችኋል። አሁን ደግሞ ታሪኩን እንለይ።

ዘመቻ ከመሠረቱ የጦር ቃል ነው። ዘመተ ማለት ለጦርነት ወጣ፣ ተጓዘ ማለት ነው። የሚሄደው ዘማች፣ የሚመራው አዝማች ይባላል። ደጃዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች የሚባሉት የማዕረግ ስሞችም ከዚሁ የተወለዱ ናቸው። ቃልም እንደ ሰው ዘመድ አለው እኮ!

ድሮ ትልቅ ወሬ የሚነገረው በነጋሪት ነበር። በ1888 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ ሬዲዮ አልነበረም። ሕዝቡ አዋጁን ሰማ፤ ስንቁን ቋጠረ፤ ወደ ሰሜን ዘመተ። የካቲት 23 ቀንም ዓድዋ ላይ ድል ሆነ። ያን ጊዜ ዘመቻ ሲባል የሰማ ሁሉ ነገሩ አይጠፋውም፦ ጦርነት ነው፤ የሄደ ሊቀር ይችላል።

አዲስ ዘመን ጋዜጣ በ1933 ዓ.ም. ተጀመረ። ቃሉ በጋዜጣና በሬዲዮ ሥራ የበዛበት ግን ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ። ወደ 60 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሄዱ። ጠመንጃ ይዘው ሳይሆን፣ ሊያስተምሩና ሊሠሩ ነው። ስማቸው ግን ያው ዘማች ነበር።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከፈተ። ትምህርቱ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ቃሉም ብቻውን አልመጣም፤ የጦር ጓደኞቹን አስከትሎ መጣ። መሃይምነት ጠላት ተባለ፤ ፊደል መሣሪያ ተባለ። የችግኝ ተከላው ዘመቻ፣ የቡና ለቀማው ዘመቻ፣ የጽዳቱም ዘመቻ ሆነ።

ታዲያ በ1974 ዓ.ም. ምን መጣ? የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ መጣ። በኤርትራ ውስጥ የተካሄደ ነው። ሁለገብ የተባለው ውጊያውንም፣ የፋብሪካና የመንገድ ጥገናውንም አንድ ላይ ስለያዘ ነው። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ዘመን አንዲት እናት ሬዲዮ ከፍታ «ዘመቻ» የሚለውን ስትሰማ፣ ልጇ ጠመኔ ሊይዝ ነው ወይስ ጠመንጃ? ከቃሉ ብቻ ልታውቅ አትችልም። ከአንዱ የሄደ እጁ ጠመኔ ነክቶት ይመለሳል፤ ከሌላው ብዙዎች አልተመለሱም። የሚያስፈራውና የሚያስደስተው ነገር አንድ ስም ሲይዝ፣ የሚያስፈራው ሳይታይ ያልፋል።

ሌላም ነገር አለ። ጦር ዘምቶ ይመለሳል፤ ዘመቻ መጨረሻ አለው። ማንበብና ዛፍ ግን እንደዚያ አይደሉም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በእንጦጦ ዙሪያ ዛፉ ተቆርጦ ማገዶ ሲጠፋ፣ ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ። ዛሬም ክረምት ሲገባ በየካና በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ሰው ለችግኝ ተከላ ዘመቻ ይወጣል። መልካም ነው! ነገር ግን ችግኙን በበጋ ውኃ የሚያጠጣው፣ ከከብት የሚጠብቀው ማነው? ፊደልም እንዲሁ ነው። ዘመቻው ሲያበቃ ንባቡን የተወ ሰው የቆጠረው ፊደል ይጠፋዋል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ማንበብ ማለት ቃሉን ድምፅ አውጥቶ መጥራት ብቻ አይደለም። ቃሉን ማን እንዳመጣው፣ ለምን እንዳመጣው መጠየቅም ማንበብ ነው። ጋዜጣ ላይ «ዘመቻ» የሚል ስታገኙ አትለፉት፤ ቆም በሉና ጠይቁት። በደህና ያገናኘን!

መልመጃ
1. ከዘመተ የተወለዱ 4 ቃላት ጻፉ።
2. በሰፈራችሁ ዘመቻ የተባለ ሥራ አለ? የሚሄደው ማነው? የሚሠራው ምንድን ነው?
3. ዘመቻው ካበቃ በኋላ ሥራውን የሚቀጥለው ማነው?