ከአጥሩ ውስጥና ከአጥሩ ውጭ፤ የዕፅዋት መናፈሻዎች ታሪክ ከፓሪስ እስከ ናኪቩቦ

የዕፅዋት መናፈሻ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው አበባና ጥላ የሞላበትን የሽርሽር ስፍራ ነው። ታሪኩ ግን ከዚህ ይሰፋል። በፈረንሳይ አገር የመጀመሪያው የዕፅዋት መናፈሻ በ1593 እ.ኤ.አ. በሞንፔልዬ ከተማ ሲቋቋም፣ ዓላማው የሕክምና ተማሪዎችን ከመድኃኒት ተክሎች ጋር ማስተዋወቅ ነበር። በ1635 በንጉሥ ትእዛዝ የተመሠረተው የፓሪሱ መናፈሻም የተነሣው ከመድኃኒት ተክል ነው። የባሕር ማዶ ግዛት እየሰፋ ሲሄድ ግን እንዲህ ያሉት ስፍራዎች የንግድ ተክል ማራቢያም ሆኑ።

ለዚህ ከእኛው ቡና የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ከኢትዮጵያ ጫካ ወጥቶ በየመን የለማው ቡና በሆላንዶች እጅ ጃቫና አምስተርዳም ገባ። በ1714 የአምስተርዳም ሹማምንት አንድ የቡና ተክል ለንጉሥ ሉዊ 14ኛ በስጦታ ላኩ፤ ተክሉም በፓሪሱ መናፈሻ ጸደቀ። ከዚያ የተገኘ ችግኝ በ1720ዎቹ መጀመሪያ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ተሻገረ። በዚያ ማሳውን ያለሙት ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ነበሩ። ሊኔየስም በ1753 ተክሉን «አራቢካ» ብሎ ሲሰይመው በስሙ የተጠራችው ዓረብ እንጂ ኢትዮጵያ አልነበረችም።

እንግሊዞችም በለንደኑ የኪው መናፈሻ አማካይነት ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። በ1898 በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ ከካምፓላ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በኢንቴቤ የዕፅዋት መናፈሻ አቋቋሙ። የመጀመሪያው ኃላፊ አሌክሳንደር ዋይት ነበር። ዛሬ ግዙፍ ዛፎቹን እያየን ስንዘዋወር ስፍራው ለመዝናኛ ብቻ የተሠራ ይመስለናል። በዚያን ጊዜ ግን ጎማ፣ ካካዎና ቡና የሚሞከሩበት፣ ቅኝ ግዛቱ ምን ሊያስገኝ እንደሚችል የሚመረመርበት ቦታ ነበር።

ይሁን እንጂ የዕፅዋት እውቀት በ1898 አልተጀመረም። በሐይቁ አካባቢ ሮቡስታ የሚባለው ቡና ጥንቱንም ነበረ። የቡጋንዳ ሰዎች ፍሬውን ያኝኩት ነበር። ሁለት ሰዎች ወንድማማችነት ሲገቡም ከአንድ ፍሬ የወጡትን ሁለት የቡና ዘሮች ደማቸውን አስነክተው ይካፈሉ ነበር። ይህ ቃል ኪዳን ኦሙካጎ ይባላል። መናፈሻው ቡናን የመዘነው በገበያ ዋጋው ሲሆን፣ ሕዝቡ ግን በቃል ኪዳን መዝኖት ነበር።

ከኢንቴቤ ወደ ካምፓላ ተመልሰን ወደ ናኪቩቦ ብንወርድ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። ናኪቩቦ በስታዲየሙና በአጠገቡ ባለው በኦዊኖ ገበያ የታወቀ፣ ሰውና ተሽከርካሪ የሚተራመስበት ዝቅተኛ ስፍራ ነው። የከተማው ጎርፍና ፍሳሽ በናኪቩቦ ቦይ ወርዶ ረግረጉን አቋርጦ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይገባል። በረግረጉ የሚበቅለው ደንገል፣ የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ያው ደንገል ነው። ሥሩ ቆሻሻውን እየያዘ ውሃውን ያጣራል። ካምፓላ የመጠጥ ውሃዋን የምትቀዳው ደግሞ ከዚሁ ሐይቅ ነው። ለዚህ ተክል ግን አጥር አልታጠረለትም፤ የስም ሰሌዳም አልቆመለትም። ረግረጉ በእርሻና በቤት ሥራ እየተመነጠረ በመሄዱ የማጣራት ኃይሉ ተዳክሟል።

እንግዲህ የዕፅዋት መናፈሻን ስንጎበኝ የዛፉን ስም መመዝገብ ብቻ አይበቃንም። ማን ተከለው? ለማን ጥቅም? ከአጥሩ ውጭ የቀረውስ የትኛው ነው? ብለን ልንጠይቅ ይገባናል። መምህራን ተማሪዎቻቸውን በአዲስ አበባ ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ቢወስዱ መልካም ነው። ይህ ባይመች በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ ያለው ወንዝ ዳር ይበቃል። በዚያ የሚበቅለውን እያንዳንዱን ተክል ስሙንና ጥቅሙን ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጠይቆ የሚጽፍ ተማሪ፣ የታሪክንና የሥነ ሕይወትን ትምህርት በአንድ ደብተር አገናኘ ማለት ነው።