ሃያ ሦስቱ ባልንጀሮችና ፈረሳቸው

የፈረስ እሽቅድምድም ሲነሣ ብዙ ሰው የመሳፍንትና የባለጠጎች ጨዋታ ብቻ ይመስለዋል። በርግጥም በብሪታንያ ፈረስ አርብቶና አሠልጥኖ ለውድድር ማቅረብ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ነገር ግን በዌልስ አገር የተፈጸመው ታሪክ ለድኾችም በር እንደሚከፈት የሚያስረዳ ስለ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው ወደድን። ዘመኑን የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ብላክዉድ በደቡብ ዌልስ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። የአካባቢው ሕዝብ ለብዙ ዘመን የኖረው የድንጋይ ከሰል በመቆፈር ነበር። በ1984 እና በ1985 የተደረገው የቆፋሪዎቹ ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ከከሸፈ በኋላ ግን ጉድጓዶቹ በየተራ ተዘጉ። በከተማዋ አጠገብ የነበረው የኦክዴል ጉድጓድም በ1989 ተዘጋ፤ ብዙ ሰውም ያለ ሥራ ቀረ።

በዚህች ከተማ ጃን ቮክስ የምትባል ሴት በሠራተኞች ክበብ መጠጥ በመቅዳት ትተዳደር ነበር። አንድ ቀን ሃዋርድ ዴቪስ የተባለ ደንበኛ ስለ እሽቅድምድም ፈረስ ሲያወራ ብትሰማው እርስዋም ፈረስ ለማርባት አሰበች። ከባልዋም ጋር ሩጫ ያልቀናትን አንዲት ባዝራ በ350 ፓውንድ ገዙ። ወጪውን ብቻቸውን ስለማይችሉት ማኅበር አቋቋሙ፤ 23 ሰዎችም በየሳምንቱ 10 ፓውንድ ለማዋጣት ተስማሙ። ነገሩ ከእኛ አገር እቁብ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ግን እቁብተኛ ተራው ሲደርስ ገንዘቡን እንደሚያገኝ ያውቃል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ምንም ዋስትና አልነበራቸውም።

ውርንጭላው በ2001 ተወለደ፤ ስሙንም «የሕልም ኅብረት» ለማለት ድሪም አላያንስ አሉት። ያደገው ከከሰል ጉድጓድ በወጣ የጥራጊ ክምር ላይ ባለ የአትክልት ቦታ ነው። ኋላም ፊሊፕ ሆብስ ለተባለ ስመ ጥሩ አሠልጣኝ ተሰጠ። በ2004 በመጀመሪያው ውድድሩ አራተኛ ወጣ፤ ከዚያም እያሸነፈ የሽልማት ገንዘብ ማስገባት ጀመረ።

በ2008 ግን በኤንትሪ ሜዳ ሲሮጥ የፊት እግሩ ጅማት ተቆረጠ። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ፈረስ ብዙ ጊዜ ይገደላል እንጂ አይታከምም። ማኅበርተኞቹ ሁለት መንገድ ነበራቸው፤ ፈረሱን አስገድለው እርሱ ያስገኘውን ገንዘብ መካፈል፣ ወይም ገንዘቡን ለሕክምናው ማዋል። ሕክምናው ስቴም ሴል የሚባለውን ሕዋስ በተጎዳው ጅማት ውስጥ የሚያስገባ አዲስ ጥበብ ሲሆን ዋጋውም ወደ 20,000 ፓውንድ ነበር። ፈረሱ ዳግመኛ ይሮጣል ብሎ ማረጋገጫ የሰጣቸው ማንም አልነበረም። ሆኖም ገንዘቡን ያመጣው እርሱ ነውና ለእርሱ ይዋል ብለው ለሕክምናው ከፈሉ።

ፈረሱም ከአንድ ዓመት በላይ አርፎ ዳነ። በታኅሣሥ 28 ቀን 2009 በቼፕስቶ ሜዳ በዌልስ ታላቅ ውድድር ቀረበ። ርቀቱ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን መሰናክሉም ብዙ ነው። ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው ጥቂት ሰው ስለ ነበረ፣ በርሱ ላይ አንድ ፓውንድ ያስያዘ 20 ፓውንድ ያተርፍ ነበር። ጋላቢው ቶም ኦብራየን ግን ሁሉንም ቀድሞ ገባ። የከሰል ቆፋሪዎቹ አገርም በደስታ ተናወጠ።

ፈረሱ በ2012 ከውድድር እስኪወጣ ድረስ ያስገኘው ሽልማት 138,646 ፓውንድ ነው። ወጪው ሁሉ ተቀንሶ ለእያንዳንዱ ማኅበርተኛ የደረሰው ትርፍ ግን 1,430 ፓውንድ ብቻ ነበር። ታሪካቸው በ2015 እና በ2020 በፊልም ተሠርቶ በብዙ አገር ታይቷል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኛ ግን ከዚህ ታሪክ ከመተባበሩ ይልቅ ያስደነቀን በ2008 የቈረጡት ቍርጥ አሳብ ነው። ያን ጊዜ ገንዘቡን ተካፍለው ቢለያዩ ኖሮ ማንም ባልነቀፋቸው፤ የቼፕስቶውንም ቀን ባላዩ ነበር። እኛም ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን በየሥራችን ስንሠማራ፣ የጠቀመንን ሁሉ በመከራው ቀን እንዳንተወው ይህን ታሪክ እናስታውስ።