ባዜቃ ራሱን ሲለካ

በ1734 እና በ1735 መካከል በነበረው የብርድ ወራት (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሳይቤሪያዋ ዬኒሴይስክ የከረመው ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ዮሃን ጌኦርግ ግሜሊን፣ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 120 ዲግሪ ፋራናይት ሲያመለክት አየ፤ እንዳየውም መዘገበው። ሰው ከተማ ቆርቁሮ በሚኖርበት ምድር እንዲህ ያለ ብርድ ከዚያ ወዲህ በእውነተኛ መለኪያ አልተመዘገበም።

ግሜሊን አልዋሸም፤ ዐይኑም አልከዳውም። የከዳው በመስታወቱ ውስጥ የነበረው ባዜቃ ነው። (ዛሬ ሜርኩሪ የምንለውን ፈሳሽ ብረት ማለቴ ነው፤ አሮጌው ስም ለጆሮዬ ይጥመኛልና አልተውሁትም።) ባዜቃ ከቅዝቃዜ ብዛት ሲረጋ መጠኑ በብርቱ ይኮማተራል፤ በቀጭኑ ቱቦ ያለውም በዝግታ መውረዱን ትቶ ወደ ቋቱ ይዘቅጣል። ተመልካቹ የመለኪያውን መኮማተር እያነበበ የአየሩን ብርድ ያነበበ ይመስለዋል። በዚያ ዘመን ፈሳሽነት የባዜቃ ባሕርይ እንደ ሆነ፣ ፈጽሞም እንደማይረጋ የሚያምኑ ብዙዎች ነበሩና መለኪያውን ለመጠርጠር ምክንያት አልነበራቸውም።

ያ እምነት የተሰበረው በ1759 ማብቂያ በሴንት ፒተርስበርግ ነው። የፊዚክስ መምህሩ ዮሴፍ አዳም ብራውን በረዶንና ናይትሪክ አሲድን ቀላቅሎ ቴርሞሜትሩን ነከረበት፤ ቋቱ ሲሰበርም የሚያብረቀርቅ ጠጣር ብረት ተገኘ፤ በመዶሻ ሲመቱትም እንደ እርሳስ ተለጠጠ። ሚኻይል ሎሞኖሶቭም በሙከራው ተካፋይ ነበረ። ገጣሚ ባዜቃ ሲቀጠቅጥ ማሰብ፣ ልደብቀው አልችልም፣ ደስ ያሰኘኛል።

ታዲያ በስንት ዲግሪ ረጋ? ቴርሞሜትሮቹ ከዜሮ በታች በመቶ የሚቆጠር ዲግሪ ያመለክቱ ነበር፤ ያውም በየሙከራው የተለያየ።

ባንክ ቤት የሚውል ሰው ይህን ችግር ፈጥኖ የሚረዳው ይመስለኛል። ደንበኛ ከዐሥር ዓመት በፊት ያስቀመጠውን ገንዘብ ከነወለዱ ቆጥሬ ስሰጠው ቁጥሩ አድጓል፤ ሁሉን የምንለካበት ብር ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ባለበት አልቆየም። አሮጊቷ ቁጥሩን አይተው ይመርቁኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ።

የባዜቃውን እንቆቅልሽ የኤድንብራው ጆሴፍ ብላክና የለንደኑ ሄንሪ ካቨንዲሽ በየፊናቸው ፈቱት፤ መፍትሔውንም ያገኙት ከዚያው ከባዜቃው ነው። ብላክ ቀደም ብሎ እንዳሳየው፣ አንድ ነገር በመርጋት ላይ ሳለ ሙቀቱ አይወርድም፤ ረግቶ እስኪያበቃ ድረስ በአንድ ልክ ይቆያል። እንግዲያው ትንሽ የባዜቃ ቴርሞሜትር ባዜቃ በተሞላ ሌላ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ይቁም፤ ዕቃውም በሚያቀዘቅዘው ድብልቅ ውስጥ ይነከር። የውጭው ባዜቃ በመርጋት ላይ ሳለ የውስጡ ከዚያ ልክ በታች መውረድ አይችልምና ሳይረጋ ይቆያል፤ ቁጥሩም የታመነ ነው። የውጭው ጨርሶ ሲጠጥር ግን የውስጡም ተከትሎ ይረጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚነበበው ሁሉ ከንቱ ነው። በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ከዚህ ይልቅ ያማረ ሐሳብ ብዙ አላነበብሁም።

ሐሳቡ ብርድ አገር ይፈልግ ነበር። የሃድሰን ቤይ ኩባንያ ሹም የነበረው ቶማስ ሃቺንስ፣ በዛሬዋ ካናዳ በአልባኒ ምሽግ በ1775 ባዜቃን አርግቶ ነበር፤ ልኩን ግን ሊያውቅ አልቻለም። ከ1781 እስከ 1782 በነበረው ብርድ ከለንደን በተላከለት ዕቃ ሙከራውን ደጋገመ። ባዜቃው በ40 አካባቢ እየቆመ ጠበቀው። ቴርሞሜትሮቹ ወደ ለንደን ተመለሱ፤ ካቨንዲሽም መርምሮ ስሕተታቸውን አረመ፤ በ1783 ባወጣው ጽሑፍም ልኩ ከዜሮ በታች 38 ከሁለት ሦስተኛ፣ በደፈናው 39 ዲግሪ ፋራናይት ነው አለ። ዛሬ የሚታወቀው 37.9 ነው፤ በሴልሺየስ 38.83። ከብዙ መቶ ዲግሪ ስሕተት ወደ አንድ ዲግሪ የማይሞላ ስሕተት! ሃቺንስም በዚያው ዓመት የሮያል ሶሳይቲን የኮፕሊ ሜዳሊያ ተሸለመ።

በ1990 በወጣው ዓለም አቀፍ የሙቀት መለኪያ ሥርዓት ውስጥ፣ የባዜቃ ጠጣር፣ ፈሳሽና ተን አብረው የሚገኙበት ልክ፣ ከዜሮ በታች 38.8344 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሌሎች ቴርሞሜትሮች ከሚታረሙባቸው ቋሚ ነጥቦች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል።