የወደቀ ጥርስ ሁሉ ጣሪያ ላይ አይወረወርም

ሰው በአንድ ሙያ ሲበስል «ጥርሱን የነቀለበት ነው» እንላለን። በዚህ ሂሳብ ሰፈራችን ቄራ ጥርሱን የነቀለው በሥጋ ነው። የከብት ማረጃው እ.ኤ.አ. በ1957 ከተቋቋመ ወዲህ ሰፈሩ ስሙንም እንጀራውንም ያገኘው ከዚያው ነው። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ሥጋው ሳይሆን ሥጋውን ስለሚበላው አፍ ነው። አፍና ጥርስ ሲጎዳ የድሮ ሰዎች ምን ያደርጉ ነበር? እኛስ ምን ማድረግ አለብን? ትንሽ ረዘም ይላል፤ ልጅ ያላችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

አፍ በብዙ መንገድ ይጎዳል። ቁርጥ ሲበላ ሥጋውን በጥርስ ይዞ ከከንፈር ሥር በቢላ መቁረጥ የቆየ ልማዳችን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችንን ያዩ የውጭ ተጓዦች ስለቱ አፍንጫ ሳይነካ እንዴት እንደሚያልፍ እየተገረሙ ጽፈዋል። አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል፤ አንዳንዴ ግን ከንፈር ይዞ ይሄዳል። ጥብስ ውስጥ የተደበቀች የአጥንት ስባሪ ጥርስ ትሰነጥቃለች። የቢራ ቆርኪ በጥርሱ የሚከፍተውን ጀግናም አልረሳሁትም። ልጆቹ ደግሞ ኮብልስቶን ላይ ኳስ ይራገጣሉ።

አያቶቻችን እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥማቸው የሚሄዱት ወጌሻ ጋ ነበር። የተሰበረ የሚጠግነው፣ የወለቀ የሚመልሰው፣ ያመመ ጥርስ የሚነቅለው እሱ ነው። ዘመናዊ ሕክምና ወደ አገራችን በሰፊው መግባት የጀመረው ዘግይቶ ነው። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1896 የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቁስለኞችን አከሙ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ደግሞ በ1910 ተቋቋመ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ለብዙው ሕዝብ የጥርስ ሕክምና ማለት እስኪበቃህ ታግሰህ በመጨረሻ ማስነቀል ነበር። ጥርስን ስናስብ ቶሎ የሚመጣልን ጉጠት ነው። ጥርስ ይወጣል እንጂ ይመለሳል ብሎ ያስተማረን ሰው የለም።

ይህ አስተሳሰብ ዛሬም ዋጋ ያስከፍላል። ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን ልጅ ኳስ ሲጫወት ድንጋዩ ላይ በአፉ ተደፋና አንድ የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ወጣ። ዕድሜው ዘጠኝ ነው። እናቱ ሥራ ላይ ስለነበረች የደረሱለት አያቱ ናቸው። አፉን በውኃ አስጉመጠመጡት፣ ድዱ ላይ የተፈጨ ቡና ነሰነሱበት፤ ጥርሱን ደግሞ እንደ ወጉ ጣሪያ ላይ ወረወሩት፤ አዲስ ነጭ ጥርስ እንዲመጣለት። እኔ ወሬውን የሰማሁት ማታ ነው።

እማማ ያደረጉት ሁሉ በፍቅር ነው። ወጉም ለወተት ጥርስ ሲሆን ምንም አይልም፤ ከሥሩ ተተኪ አለውና። የዚህ ልጅ ግን ቋሚ ጥርስ ነበር። የፊት ቋሚ ጥርሶች ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ ይበቅላሉ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አይመጣም። ያ ጣሪያ ላይ የወጣ ጥርስ በሰዓቱ ወደ ቦታው ሊመለስ ይችል ነበር። ልጁ አሁን ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል።

«የወጣ ጥርስ ደግሞ እንዴት ይመለሳል?» ትሉ ይሆናል። ነገሩ የትናንት ግኝት አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ዓመት ገደማ የተጻፈ አንድ የግብፅ ፓፒረስ የወለቀ መንጋጋ እንዴት እንደሚመለስ ይገልጻል፤ አውራ ጣቶች አፍ ውስጥ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከአገጭ ሥር። ዛሬም ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ዘዴ በመሠረቱ ያው ነው። የግሪኩ ሂፖክራተስ መንጋጋ ሲሰበር ጥርሶቹ እርስ በርስ በወርቅ ሽቦ ወይም በተልባ እግር ክር እንዲታሰሩ መክሯል።

ከሁሉም እኔን የገረመኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1013 ያረፈው የአንዳሉሱ ሐኪም አል ዘህራዊ ነው። የወደቀ ጥርስ ተመልሶ ከጎረቤቶቹ ጋር በወርቅ ክር ሊታሰር እንደሚችል ጻፈ። ጥርሱ ከሌለስ? ከበሬ አጥንት ቀርጾ መተካት ይቻላል አለ። የበሬ አጥንት! ቄራ ብትኖር ኖሮ ደንበኛችን ይሆን ነበር።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ፎሻር ጥርስ ወደ ቦታው ስለመመለስ ጻፈ። እንግሊዝ አገር ደግሞ ጆን ሃንተር የሰው ጥርስ ወስዶ በአውራ ዶሮ ራስ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ ውስጥ እስከመትከል ደረሰ። ሁሉም አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ ጥርስ እንደ ጠጠር ሙት ነገር አይደለም። ያልገባቸው ለምን አንዱ እንደሚይዝ፣ ሌላው ለምን እንደማይይዝ ነበር።

መልሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ከዴንማርክ ነው። አንድሪያሰንና ባልደረባው ወደ ቦታቸው የተመለሱ 110 ጥርሶችን ተከታተሉ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከተመለሱት 90 በመቶው ከሁለት ዓመት በኋላም ሥራቸው አልተበላም። ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ከቆዩት ግን 95 በመቶው ሥራቸው ተበላ። ምስጢሩ የጥርሱ ሥር ላይ ያሉት፣ ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያያይዙት ስስ ክሮች ናቸው። እነሱ ከደረቁ ይሞታሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የወርቅ ሽቦ ጉዳይ ሳይሆን የሰዓት ጉዳይ ሆነ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለቤታችን የሚሆነው ይኸው።

ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ከወጣ ፈልጋችሁ አንሡት፤ ስታነሡት የሚታየውን ነጩን ክፍል ያዙ እንጂ ሥሩን አትንኩ። ከቆሸሸ በወተት ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ለአፍታ ብቻ አለቅልቁት፤ አትፈትጉት፣ በሳሙናም አትጠቡት። ልጁ ከተረጋጋ በትክክለኛው ፊቱ ወደ ቦታው መልሱትና ንጹሕ ጨርቅ አስነክሱት። ካልቻላችሁ ወተት ውስጥ ክተቱት። ሱቅ ያለው የላስቲክ ወተት ይበቃል። ጾም ነው ብላችሁ አትጨነቁ፤ ወተቱን የሚጠጣው ጥርሱ ነው። ለተቅማጥ የምንበጠብጠው ለምለምም ይሆናል። ሁሉም ከጠፋ ልጁ ብርጭቆ ላይ ይትፋና በምራቁ ውስጥ ይቀመጥ። በሶፍት መጠቅለል አይሆንም፤ ይደርቃል። ተራ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም አይሆንም፤ ሕዋሳቱ ውኃ ስበው ይፈነዳሉ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጥርስ ሐኪም፤ ቢቻል በአንድ ሰዓት ውስጥ። ሐኪሙ ከጎኑ ካሉት ጥርሶች ጋር ለሁለት ሳምንት ያህል ያስረዋል፤ የቴታነስ ክትባት ያስፈልግ እንደሆነም ያያል። ሰዓቱ ካለፈም ጥርሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ተስፋው ይቀንሳል እንጂ ውሳኔው የሐኪሙ ነው።

የወተት ጥርስ ከሆነ አትመልሱት፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። ቢሆንም ልጁን አሳዩት። ያኛውን እንደ ወጉ ወደ ጣሪያ!

ጥርስ ከተሰበረ ስባሪውን ያዙት። አሜሪካዊው ቡኦኖኮር እ.ኤ.አ. በ1955 የጥርስን ገጽ በአሲድ አሻክሮ ማጣበቅ እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ ስባሪው ራሱ ተመልሶ ሊለጠፍ ይችላል። ስባሪው ከጠፋ፣ ከንፈሩም ከተቀደደ፣ ከንፈር ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩት።

ከንፈር ወይም ምላስ ሲደማ ቡና አትነስንሱ፣ አረቄም አታፍስሱ። በንጹሕ ጨርቅ አሥር ደቂቃ ሳታቋርጡ ተጫኑት፤ በየደቂቃው እየገለጡ ማየት ደሙን ያስቀጥላል። ከውጭ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያዙበት። ካልቆመ፣ ወይም ቁስሉ የከንፈሩን ጠርዝ ከሰነጠቀ መሰፋት አለበት።

ጥርሶቹ እንደ ወትሮው ካልገጠሙ ወይም አፉ አልዘጋ ካለ መንጋጋ ተሰብሮ ወይም ወልቆ ይሆናል። በሁለት እጅ ደግፋችሁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ልጁ ራሱን ከሳተ ወይም ካስመለሰው ደግሞ ጥርሱ ይቆየው፤ መጀመሪያ ጭንቅላቱ ይታይ።

ይህን ጽሑፍ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ውለታ ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ ላሉት እናቶችና አያቶች፣ ለሠራተኛዋ፣ ለሰፈሩ የኳስ አሠልጣኝ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ልጅ ሲወድቅ ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው፤ ግማሽ ሰዓቱም ያለው በእነሱ እጅ ነው።