የበቅሎው መንገድና የብስክሌቱ ዘመን

ተራራ ከተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ግን ይገናኛል ይላሉ አባቶቻችን። እኛም ይህችን አጭር ጽሑፍ በዚሁ ተረት የጀመርነው ያለ ነገር አይደለም። የምንተርከው ተራራ ስለለያያቸው ሁለት ከተሞች፣ በአሮጌ ብስክሌትም ስላገናኟቸው ሰዎች ነውና።

ነገሩ የተነሳው በዶርም ክርክር ነው። አንድ ጓደኛችን ይዞት በመጣ መጽሔት ላይ የአሜሪካ ወጣቶች በተራራ ለተራራ በእግር ሲንከራተቱ፣ ብስክሌታቸውንም እየገፉ አቀበት ሲወጡ የሚያሳይ ፎቶግራፍ አየንና ሳቅን። «ወይ ጥጋብ!» አለ አንዱ። «የኛ እናቶች ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ዓይነት ቁልቁለት እነዚህ ገንዘብ ከፍለው ይወጡታል?» ሳቁ ጥሩ ነበር፤ ፍርዱ ግን ችኩል ነበር። የታሪክ ተማሪ አንድን ነገር ጥጋብ ነው ብሎ ከመዝጋቱ በፊት ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ አለበት። ጠየቅን፣ አነበብን፤ ያገኘነውም ከሳቃችን የከበደ ሆነብን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋ ክሬስትድ ቢዩት ትባላለች፤ አናቱ ላይ ጉትዬ ያለው ብቸኛ ጉብታ እንደ ማለት ነው። በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት፣ በሮኪ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከደብረ ብርሃን ጥቂት ዝቅ ትላለች ማለት ነው። ነዋሪዋ 2,000 አይሞላም። ክረምቷ ረዥም፣ በረዶዋም ከሰው ቁመት የሚበልጥ ነው። በጋዋ ግን የኛ ክረምት በሚሆንባቸው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሲመጣ ሸለቆው በአበባ ይሸፈናል፤ እግረኛውና ብስክሌተኛውም ያን ጊዜ ይጎርፋል።

ከከተማዋ በፊት በቦታው ሰው አልነበረም ብሎ የሚጀምር ታሪክ ግን ሐሰት ነው። በእነዚያ ተራሮች ዩት የሚባሉት የአገሬው ተወላጆች በጋ በጋውን እያደኑ ይኖሩ ነበር። በ1868 የተፈረመ ውል የምዕራብ ኮሎራዶን ሰፊ ክፍል የእነርሱ ነው ብሎ ነበር። ወርቅና ብር ፈላጊው ሲበዛ ውሉ እየተሸራረፈ ሄደ፤ በ1881 አብዛኞቹ ከምዕራብ ኮሎራዶ ተነቅለው ወደ ዩታ ተነዱ። ክሬስትድ ቢዩት በሕግ ከተማ የተባለችው በ1880 ነው። ሁለቱን ዓመታት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል፤ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ከተማዋ መጀመሪያ የብር ፈላጊዎች ስንቅ መያዣ ነበረች። በ1881 የባቡር ሐዲድ ሲደርስ ግን ዕድሜ የሰጣት የድንጋይ ከሰል ሆነ። ከሰሉን የቆፈሩት ከክሮኤሺያ፣ ከስሎቬኒያ፣ ከኢጣሊያና ከሌሎችም አገሮች እንጀራ ፍለጋ የመጡ ሰዎች ናቸው። እንጀራው ደግሞ በደም የተለወሰ ነበር። ጥር 24 ቀን 1884 ጠዋት ጆከርቪል በተባለው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመው ጋዝ ፈንድቶ ወደ 60 የሚጠጉ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ አለቁ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ሥራው አልቆመም። በ1894 «ትልቁ ማዕድን» የተባለው ጉድጓድ ተከፈተና ለ58 ዓመት ከተማዋን ሲመግብ ኖረ።

አሁን አንባቢ አንዲት መንገድ ልብ ይበልልን። ከተራራው ማዶ አስፐን የምትባል ሌላ የማዕድን ከተማ አለች። በ1882፣ ባቡር ገና ወደ አስፐን ሳይደርስ፣ ከማዶ የሚወጣውን ማዕድን ክሬስትድ ቢዩት ባቡር ጣቢያ ለማድረስ ሲባል ፐርል ፓስ በሚባል የተራራ በር በኩል መንገድ ተቆረጠ። በሩ 3,870 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በዚያ አቀበት ማዕድን ጭነው የወጡት በቅሎዎች ናቸው፤ በቅሎዎቹን የነዱት ደግሞ ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ናቸው። በ1887 ባቡር ራሱ አስፐን ገባ፤ መንገዱም ሥራ ፈታ። ድንጋዩ እየተናደ፣ ሣር እየበቀለበት ወደ 90 ዓመት ገደማ ሰውን ሲጠብቅ ኖረ።

በ1952 ትልቁ ማዕድን ተዘጋ። ሐዲዱም ብዙም ሳይቆይ ተነቀለ። ወጣቱ ተሰደደ፤ ሽማግሌው ቀረ። በ1961 ሁለት ሰዎች በአጠገቡ ያለውን ተራራ የበረዶ መንሸራተቻ አድርገው ከፈቱት። በረዶው እንግዳ አመጣ፤ በጋው ግን ያው ባዶ ነበር። ቤት እንደ ነፃ በሚገኝባት በዚህች ከተማ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ኪሳቸው ባዶ የሆነ ወጣቶች መስፈር ጀመሩ። የከተማዋ መንገድ ጉድጓድና ጠጠር ነበርና ቀጭን ጎማ ያለው ብስክሌት አይችለውም። ስለዚህ ከየጓዳው፣ ከየቆሻሻ መጣያው አሮጌ ብስክሌት እያወጡ ይነዱ ጀመር። ጎማው ወፍራም፣ ቴላዮው ከባድ፣ ማርሽ የሌለው፣ ፍሬኑም ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ነው። ቆራሌው እንኳ አይቶ የሚያልፈው ዓይነት ማለት ነው። ክላንከር ይሉት ነበር፤ ቅራቅንቦ እንደ ማለት።

በ1976 በጋ የአስፐን ልጆች በሞተር ብስክሌት ፐርል ፓስን አቋርጠው መጡና በክሬስትድ ቢዩት ዋና መጠጥ ቤት ደጃፍ ሞተራቸውን ደርድረው ይኩራሩ ጀመር። የአገሩ ልጆች፣ አብዛኞቹ የደን እሳት ለማጥፋት የሚቀጠሩ ጎረምሶች፣ ነገሩ አንገበገባቸው። «እናንተ በሞተር ከመጣችሁ እኛ በእግራችን እየረገጥን እንመጣላችኋለን» ማለት ነው ነገሩ። በመስከረም ወር ወደ 15 የሚሆኑ ሰዎች ቅራቅንቧቸውን ይዘው ተነሱ። ማርሽ በሌለው ብስክሌት እንዲህ ያለውን አቀበት ነድቶ መጨረስ የማይታሰብ ነው፤ ገፉት እንጂ ነዱት አይባልም። ሌሊቱን ተራራው ሥር አድረው በማግሥቱ በሩን ተሻግረው አስፐን ገቡ፤ እዚያም አንድ ስመ ጥር ሆቴል ቡና ቤት ሄደው ጠጡ። የሄዱበት መንገድ ያ የ1882ቱ የበቅሎ መንገድ ነው። በእልህና በጨዋታ የተነሱት ልጆች፣ ሳያስቡት፣ የበቅሎ ነጂዎቹን ዱካ እየረገጡ ነበር።

በዚያው ዓመት፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ በካሊፎርኒያ ማሪን በተባለ አካባቢ ሌሎች ወጣቶች በተመሳሳይ አሮጌ ብስክሌት የቁልቁለት እሽቅድድም ጀመሩ። ውድድሩ ሪፓክ ተባለ። ስሙ የወጣው ከፍሬኑ ነው፦ ቁልቁለቱ ፍሬኑን ስለሚያግለው በውስጡ ያለው ግራሶ ይቃጠልና ከያንዳንዱ ጉዞ በኋላ እንደገና መሙላት ግድ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ ጆ ብሪዝ በ1977 ለተራራ ተብሎ ከመጀመሪያው የታሰበ አዲስ ብስክሌት በእጁ ሠራ። በ1978 ብሪዝ፣ ቻርሊ ኬሊ፣ ጌሪ ፊሸርና ጓደኞቻቸው ስለ ፐርል ፓስ ሰምተው ወደ ክሬስትድ ቢዩት መጡ፤ አብረውም ተሻገሩ። በማግሥቱ ዓመት ኬሊና ፊሸር ማውንቴን ባይክስ የሚል ስም የሰጡት ትንሽ ድርጅት ከፈቱ። በ1981 የተራራ ብስክሌት በፋብሪካ በብዛት መሠራት ጀመረ፤ በ1996 አትላንታ ላይ የኦሎምፒክ ውድድር ሆነ።

ማን ነው ፈጣሪው? የሚለው ጭቅጭቅ እስካሁን አልበረደም። እኛ ከተጠየቅን ብስክሌቱን ካሊፎርኒያ ሠራው፣ ጉዞውን ኮሎራዶ ጀመረው እንላለን። እንዲያውም በ1988 በክሬስትድ ቢዩት የተቋቋመው የተራራ ብስክሌት ባለዝናዎች ሙዚየም በ2014 ወደ ካሊፎርኒያ ተዛውሯል። ታሪክ የሚሠራበት ቦታና ታሪክ የሚቀመጥበት ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

ብስክሌቱ ሲወለድ ተራራው ራሱ ለጥቂት ነበር የተረፈው። በ1977 አማክስ የተባለው ታላቅ የማዕድን ኩባንያ ከከተማዋ በላይ ባለው በኤመንስ ተራራ ውስጥ ከፍተኛ የሞሊብዲነም ክምችት እንዳገኘ አስታወቀ፤ ተራራውን ሊቆፍር ተነሳ። ነዋሪዎቹ ተራራውን «ቀይዋ እመቤት» ብለው ይጠሩታል። ተቃውሞውን የመሩት ከንቲባው ደብሊው ሚቸል ነበሩ። እኒህ ሰው በሞተር ብስክሌት አደጋ ክፉኛ የተቃጠሉ፣ ኋላም በአውሮፕላን አደጋ እግራቸው ሽባ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ ናቸው። በእግራቸው ሊወጡት ለማይችሉት ተራራ ተሟገቱ። በ1981 ኩባንያው ዕቅዱን ተወው። እውነቱን ለመናገር የሞሊብዲነም ዋጋ መውደቁም ረድቷል፤ ነገር ግን ተቃውሞው ሥራውን ባያዘገየው ኖሮ ዋጋው እስኪወድቅ የሚጠብቅ ተራራ አይኖርም ነበር።

እዚህ ላይ «እግረኛውስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እግረኛው ከብስክሌተኛው ይቀድማል፤ የራሱ መንገድም አለው። ከክሬስትድ ቢዩት ወደ አስፐን በእግር የሚሻገር ሰው ዌስት ማሩን በተባለ ሌላ በር ያልፋል፤ 3,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ 17 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ የአንድ ቀን መንገድ ነው። በመኪና ግን ተራራውን መዞር ስለሚያስፈልግ በበጋ እንኳ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እግረኛው ጎሕ ሳይቀድ ይነሳል፤ ከቀትር በኋላ መብረቅ ያዘለ ደመና ስለሚመጣ ከበሩ ላይ በጊዜ መውረድ አለበት።

በዚያ በር ብስክሌት አያልፍም። በ1964 የወጣው የአሜሪካ የዱር አካባቢዎች ሕግ በተከለለው ቦታ የሜካኒክ መጓጓዣን ይከለክላል፤ የደን መሥሪያ ቤቱ በ1984 ብስክሌትም በዚሁ ክልከላ ውስጥ መሆኑን በግልጽ ደነገገ። ብስክሌተኛው «እኔም የምሄደው በጉልበቴ ነው፤ ፈረስ ከኔ ይልቅ መንገድ አያበላሽም ወይ?» ይላል። እግረኛው «ዝምታ የሚባል ነገር ይቅርልን» ይላል። ሁለቱም ከእውነት ባዶ አይደሉም። ሁለቱ በሚገናኙበት መንገድ ላይ ግን ደንቡ የታወቀ ነው፦ ብስክሌተኛ ለእግረኛ ያሳልፋል፤ ሁለቱም ለፈረሰኛ። ከ1983 ጀምሮ በከተማዋ የተቋቋመው የብስክሌተኞች ማኅበርም አባላቱን አካፋና ዶማ አስይዞ መንገድ ያስጠርጋል። በመንገዱ የሚጫወት መንገዱን ይጠግን ማለት ነው፤ ይህን ወደድንላቸው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ ግን አላለቀም። ማዕድን ሲዘጋ ሰው የሸሻት ከተማ አሁን ሰው የሚሻማባት ሆናለች። የከሰል ቆፋሪዎቹ የእንጨት ጎጆዎች በ1974 በታሪካዊ ቅርስነት ተመዘገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ዋጋቸው ሰማይ ነካ። በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ የሚመጣ ባለ ገንዘብ ይገዛቸዋል። ለእንግዳ ቁርስ የሚያቀርበው፣ ብስክሌት የሚጠግነው፣ ልጆች የሚያስተምረው ሰው ግን ማደሪያ አጣ። በሰኔ 2021 የከተማዋ ምክር ቤት በመኖሪያ ቤት እጦት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከማወጅ ደረሰ። ጋዝና በረዶ ያላጠፏትን ከተማ መወደዷ ያፈናቅላት ጀመር። በ1976 በቅራቅንቦ ተራራ የተሻገሩት ዓይነት ኪሰ ባዶ ጎረምሶች ዛሬ ቢመጡ የት ያድራሉ?

እንግዲህ ወደ ዶርማችን ክርክር እንመለስ። ጓደኛችን «ጥጋብ ነው» ሲል ግማሹን እውነት ተናግሯል፤ ዛሬ በዚያ መንገድ የሚሄደው ብዙው ሰው የጠገበ ነው። መንገዱን ግን ጥጋብ አልቆረጠውም። መጀመሪያ አዳኞች ረገጡት፤ ቀጥሎ የተራቡ ስደተኞችና የተጫኑ በቅሎዎች ሄዱበት፤ ኋላም ሥራ የሌላቸው ልጆች በአሮጌ ብስክሌት ከሞት አስነሱት። የመዝናኛ ተራራ የምንለው ሁሉ ትናንት የሥራ ተራራ ነበር። ልዩነቱ ሸክሙ ከጀርባ ላይ መውረዱ ነው፤ ይህ ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የሚያሳፍረው ሸክሙን የተሸከመው ሰው ዘሩም ስሙም ከመንገዱ ሲጠፋ ነው።

ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት እናቶቻችን ከተራራው ሸክም እንጂ እይታ አላገኙም። አንድ ቀን ባዶ እጃቸውን፣ ለእይታ ብቻ ቢወጡት ጥጋብ አንለውም። የሚገባቸው ነው እንላለን።