የቄስ ጉዲና ቱምሳ ጽናት፦ ከሴንት ፖል እስከ አዲስ አበባ

በሚኔሶታ የሚገኙት መንትያ ከተሞች፣ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል፣ ከ1980ዎቹ ወዲህ የብዙ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች መኖሪያ ሆነዋል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ አስቀድሞ በ1963 ዓ.ም. ግን አንድ የወለጋ ተወላጅ ቄስ ወደ ሴንት ፖል መጥተው በሉተር የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት እስከ 1966 ተምረው ነበር። እኚህ ሰው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ናቸው። ትምህርታቸውን ፈጽመው አገራቸው ተመለሱ፤ በዚያው ዓመትም የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ።

ስለ እርሳቸው ሲነገር ዘወትር የሚቀድመው የመጨረሻው እምቢታቸው ነው። በደርግ ታስረው ከተፈቱ በኋላ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ሳለ፣ በመከራ ጊዜ ምእመናንን ትቶ መሄድን አልተቀበሉም። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ጽናታቸውን በዚያች ውሳኔ ብቻ መመዘን ታሪኩን ያሳጥረዋል ብዬ አምናለሁ። በተለይም እኛ አገር ለቅቀን የወጣነው ስናነበው፣ ወይ የራሳችን ወቀሳ ወይ የሌላው መውቀሻ እናደርገዋለን፤ ለዚህ ግን አልተጻፈም።

ጉዳዩ የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። ቄስ ጉዲና በሴንት ፖል የተማሩባቸው ዓመታት በአሜሪካ የጥቁሮች የእኩልነት ትግል የጋለባቸው፣ የ1964ቱም የመብት ሕግ የወጣባቸው ናቸው። በ1972 መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በላከችው ደብዳቤ ውስጥ የእርሳቸው አሳብ ጎልቶ ይታያል። ለሆስፒታልና ለትምህርት ቤት ገንዘብ በቀላሉ የሚሰጡ የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ለስብከተ ወንጌል ሲጠየቁ ያመነታሉ፤ ይህም ሰውን ከሁለት መክፈል ነው የሚል ነበር። በ1974 የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በሉሳካ ተሰብስቦ ከውጭ የሚመጣው ሚስዮናዊና ገንዘብ ለጊዜው ይቁም የሚል ጥሪ ሲያሰማ፣ ቄስ ጉዲና በማግሥቱ ዓመት ጥያቄውን በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ፊት አቀረቡት፤ እርዳታው ቢቋረጥ በምን እንቆማለን?

ነገሩ የበጀት ክርክር ይመስላል። ነገር ግን መልሱ ሳይውል ሳያድር ተፈለገ። በ1977 የሉተራን ፌዴሬሽን ንብረት የነበረው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ተወረሰ፤ በ1981 የመካነ ኢየሱስ ዋና መሥሪያ ቤት ተከተለ። በወለጋ ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ዕጣ ከዚህ ጋር ሊታይ ይገባዋል። በ1982 መጀመሪያ ላይ ስትዘጋ ንብረቷ ተወሰደ፤ መሪዎቿም ያለ ፍርድ ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። ምእመናኗ በየመኖሪያ ቤቱ በጥቂት በጥቂቱ እየተሰበሰቡ ቆዩ። በ1982 አምስት ሺህ ያህል የነበሩት ደርግ ሲወድቅ ከሠላሳ ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። ሕንጻና ደመወዝ የሌላት ቤተ ክርስቲያን ልትኖር እንደምትችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ መፈለግ አያሻም።

ቄስ ጉዲና ግን ይህን ለማየት አልታደሉም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 (እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 1979) በአዲስ አበባ ከኡራኤል መካነ ኢየሱስ ጸሎት ቤት ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተያዙ። ወይዘሮ ፀሐይን መንገድ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ፤ ቄሱ በዚያው ሌሊት ተገደሉ። በ1976 ከመንበራቸው የተነሡትና የታሰሩት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም የተገደሉት በ1979 ነው። አንዱ መንግሥት በአንድ ዓመት ሁለቱን ገደለ፤ እኛ ግን በስደት ከተሞቻችን ሁለቱን በየአዳራሻችን ለየብቻ እናስባቸዋለን።

ስለ ወይዘሮ ፀሐይ የሚጻፈው ጥቂት ነው፤ ይህ የሚያስቆጭ ነው። የባላቸው ፈተና በአንድ ሌሊት ሲፈጸም የእርሳቸው ገና መጀመሩ ነበር። ባላቸው የት እንደ ደረሱ ሳይነገራቸው በ1980 ታሰሩ፤ ጽኑ ግርፋት ደረሰባቸው፤ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ እስከ 1989 በወኅኒ ቆዩ። የቄስ ጉዲና አጽም ተገኝቶ በክብር የተቀበረው በ1992፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። የአቡነ ቴዎፍሎስ አጽምም በዚያው ዓመት ወጥቶ ራሳቸው ባሠሩት በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ። ወይዘሮ ፀሐይ ከባላቸው ቀብር በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ኖረው በ2014 ዐረፉ።