የሞተር ቦታና የክብደት ሚዛን፤ ከዳሪሙ የቡና ጭነት አንጻር

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ የመኪና ሞተር የሚቀመጥበት ስፍራ የክብደትን ሚዛን እንዴት እንደሚወስንና ይህም በኢሉባቦር የመጓጓዣ ታሪክ ምን ትርጉም እንዳለው ማስረዳት ነው። ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ ይምሰል እንጂ ከመቱ በስተ ሰሜን እንዳለው እንደ ዳሪሙ ባለ ዝናብና ጭቃ በሚበዛበት የቡና አገር፣ ቡናው ለገበያ መድረሱም ሆነ መንገደኛው በደኅና መግባቱ ከዚሁ ሚዛን ጋር የተያያዘ ነው።

የኢሉባቦር ሰው የሚዛንን ነገር የተማረው ከመኪና አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከተፈቀደ በኋላ፣ ቡናው ከጎሬ በቡሬ በኩል በአጋሰስ ወደ ባሮ ወንዝ ይወርድ ጀመር። ጫኙ መደላድሉን ካስተካከለ በኋላ የግራውንና የቀኙን ጭነት ያመዛዝናል፤ በዳገት ጭነቱ ወደ ኋላ፣ በቁልቁለት ወደ አንገት እንዳይንሸራተት መጫኛውን ያጠብቃል። ሚዛኑን የሳተ እንደ ሆነ በቅሎዋ ጀርባዋ ይላጣል፤ ወይም ከነጭነቷ ገደል ትገባለች።

የመኪና ሠሪዎችም የገጠማቸው ጥያቄ ይኸው ነበር። ካርል ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1886 የሠራት ባለ ሦስት ጎማ መኪና ሞተሯ ከኋላ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1891 ግን ፓናርና ሌቫሶር የተባሉት ፈረንሳውያን ሞተሩን ከፊት አድርገው ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማዎች አስተላለፉ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ መኪና እየነዳ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ይህ የፈረንሳውያን ሥርዓት በዓለም ተስፋፍቶ ነበር።

ሕጉ ቀላል ነው። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል እኩል የተቀመጠ ዕቃ ክብደቱን ለሁለቱም እኩል ያካፍላል፤ ወደ አንዱ ሲቀርብ የበለጠው በዚያው ላይ ይወድቃል፤ ከኋለኞቹ ጎማዎች አልፎ ሲቀመጥ ደግሞ የፊቱን ያቀልላል። መኪናን የሚገፋውም ኃይሉ የሚደርሰው ጎማ መሬቱን ቆንጥጦ ሲይዝ ነው።

ለምሳሌ 1,000 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት መኪናዎችን እናስብ። ሁለቱም የሚገፉት በኋላ ጎማ ነው። ሞተሩ ከኋላ በሆነው በኋላ ጎማዎች ላይ 600 ኪሎ፣ ሞተሩ ከፊት በሆነው 400 ኪሎ ያርፋል እንበል። ጭቃው የሚፈቅደው የክብደቱን 30 በመቶ ያህል ቢሆን፣ የመጀመሪያው በ180 ኪሎ ኃይል ሲገፋ ሁለተኛው በ120 ብቻ ይገፋል። በየ100 ሜትሩ 15 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ለመውጣት 150 ኪሎ ያህል ስለሚያስፈልግ፣ ሁለተኛው ጎማውን እያሽከረከረ ከጭቃው ይቀራል። ዳገቱ ወደ ኋላ የሚገፋው ክብደት ቢጨመርለትም ጥቂት እንጂ ብዙ አይረዳውም።

ሞተሯ ከኋላ የሆነው ቮልስዋገን በአገራችን ጭቃማ መንገዶች የተወደደችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሆኖም ለጥቅሙ ዋጋ አለው። ኋላዋ የከበደ መኪና በጠመዝማዛ ቁልቁለት በፍጥነት ስትታጠፍ ጅራቷ ወደ ውጭ ሊወረወር ይችላል። ራልፍ ኔደር የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ሸቭሮሌ ኮርቬር የተባለችውን መኪና የነቀፈው በዚህና በኋላ ጎማዎቿ አሰቃቀል ነው።

የጭነት መኪና ጉዳይ ደግሞ ልዩ ነው። ኤን ትሬ እየተባለ በአገራችን የታወቀው ፊያት፣ በኋላም አይሱዙ፣ ሞተራቸው ከነጂው ክፍል ሥር፣ በፊት ጎማዎች አካባቢ ነው። ስለዚህም ለጭነቱ ረጅም ስፍራ ይተርፋል፤ ቡናው ሲጫን ክብደቱ ወደ ኋላ ጎማዎች ሄዶ ሚዛኑ ይስተካከላል። ባዶውን የሄደ እንደ ሆነ ግን ኋላው ስለሚቀል በጭቃ ይንሸራተታል። ጆንያው ሁሉ ከጫፍ ቢከመር ደግሞ የፊቱ ጎማ ይቀልልና መሪው ለነጂው አይታዘዝም። በጭነቱ ላይ ሰው ሲወጣበት ክብደቱ ወደ ላይ ከፍ ስለሚል የመገልበጡ አደጋ ይበዛል።

ከዚህ የምንረዳው ለሞተር ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ስፍራ አለመኖሩን ነው፤ ስፍራው የሚመረጠው ከመንገዱና ከጭነቱ ጋር ተመዛዝኖ ነው። ፋብሪካው የሚወስነው ግማሹን ብቻ ነው፤ የቀረውን ግማሽ የሚወስነው ጆንያውን የሚደረድረው ጫኝ ነው። ስለዚህ የኢሉባቦርን የመጓጓዣ ታሪክ የሚጽፍ ሰው፣ መንገዱ መቼ ተሠራ፣ መኪናው መቼ ገባ ብሎ መጠየቁ አይበቃውም፤ ክብደቱ በማን ላይ አረፈ ብሎም መጠየቅ ይገባዋል። ሚዛኑ ሲጠፋ ጉዳቱ የሚደርሰው ቀድሞ በበቅሎዋ ጀርባ ላይ ነበር፤ ዛሬ በነጂውና በመንገደኛው ሕይወት ላይ ነው።